ባሪ የከረመው መርዶ

ዶራቪል ባለው ትልቁ ገበያ የዓሣውን ክፍል ሁልጊዜ በሩጫ ነው የማልፈው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስት መንገዱን ዘግተውብኝ፣ በረዶ ላይ ከተዘረጋ ኦክቶፐስ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ጨው ጨው፣ እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ የሚለው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ወለሉን መምታት ጀመረ። ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ወረፋ ላይ የምቁነጠነጥ፣ ፊልም በመሃል አቋርጬ የምነሳ ሰው ነኝ። ይኼኛው ግን የሌላ ጊዜ መቁነጥነጥ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አሜሪካ ውስጥ ከምንኖርባት ከክላርክስተን ተነስተን፣ ጣሊያን አገር ባሪ በምትባል የባሕር ከተማ ያሳለፍነው ሰመር መቁነጥነጥ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ «ቤስት ቬኬሽን ነበር» እላለሁ። ባሕሩ ሰማያዊ፣ ዳቦው ትኩስ፣ ሥራ የለ፣ ትምህርት የለ። እውነትም እንደዚያ ነበር። ችግሩ ከዋና ልብሳችንና ከፀሐይ ቅባታችን ጋር መርዶም ይዘን መሄዳችን ነው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ክላርክስተን ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ይህ ራሱ ገርሞኛል፣ ምክንያቱም አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ካልቀሰቀሱት አይነሳም። የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገቡ። ወትሮ ጉንጬን ሳይቆነጥጡ የማያልፉት ሴቶች እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። እኔ በጠዋት ተሰብስበን ጉዞ የምንሄድ መሰለኝና ስኒከሬን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። አንዱን እግር አጥልቄ ስመለስ እናቴን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ከዚያ እናቴ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ አወጣች፤ እኔንም አንድ ሰው ብድግ አድርጎ ፎቅ ላይ ወዳሉት ኔፓላዊ ጎረቤቶቻችን ወሰደኝ። እዚያ በአንድ እግር ስኒከር ካርቱን ሳይ ዋልኩ።

ማንም ምንም አልነገረኝም። ስመለስ ሶፋችን ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ወጥ ቤቱ በፎይል በተሸፈነ ምግብ ሞልቶ አገኘሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ የእማማ ፎቶ ተቀምጧል። እማማ አዲስ አበባ የምትኖረው የእናቴ እናት ናት፤ አንድ ዓመት እኛ ጋ መጥታ ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ የአሜሪካ ሙዝ ጣዕም የለውም እያለች ከርማለች። ፎቶው ለምን እንደወጣ ገባኝ። ግን እንዲህ ነው ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ የሰረቅኩት ነገር ይመስል ደብቄ ያዝኩት።

ሐዘንተኛው ሲቀንስ ወሬው ሁሉ ወደ አክስቴ ወደ ጽጌ ዞረ። ጽጌ የእናቴ ታላቅ ናት። ባሪ ውስጥ ብቻዋን እየኖረች አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ታስታምማለች። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ለሷ ገና እንዳልተነገራት ተናግሮ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መንገር ደግሞ እንደማይሆን ከእናቴ ጋር ተስማምቶ ነበር። አባቴ አጠገቧ የሚይዛት ሰው የለም፣ ልቧም ፕሮብሌም አለበት አለ። አንዲት የቤተክርስቲያን ሴት ጭንቅላቷን እየነቀነቀች «ድንገት ከሰማች እሷም አትተርፍም» አለች። እኔም እንደ ሐኪም ቃል ወሰድኩት።

አክስቴ ስትደውል እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነበር የምታነሳው። ትስቃለች፣ ስለ አየሩ ታወራለች፣ እማማን ከጠሩም ቶሎ ነው የሚያልፏት። እንዴት ሄዳ እንደምትነግራት ስትጨነቅ፣ አንድ ቀን አክስቴ ራሷ ነሐሴን አሮጊቷን ልጆቿ ወደ ተራራ ስለሚወስዷት ነፃ ነኝ፣ ልጅቷን ይዘሽ ነይና ባሕር እንይ አለቻት። እናቴ ስልኩን ዘግታ አማተበች። መንገዱን እግዜር ራሱ ከፈተልኝ አለች። አባቴም ከምትሠሪበት ነርሲንግ ሆም ኦፍ ውሰጂ እንጂ ቲኬቱን እኔ ቡክ አደርጋለሁ አለና ነገሩ አለቀ።

ሮም ስንደርስ እናቴ እጄን ይዛ አውሮፕላን ማረፊያው መጸዳጃ ቤት አስገባችኝ። ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣው ሥር ቀበረችው። ከዚያ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ለበሰች፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና ብብቷ ሥር ተንጠልጥሏል። ከንፈሯን ቀባች። መስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «ሳሮን፣ ስለ እማማ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እግሬ ግን ከዚያ መጸዳጃ ቤት ጀምሮ አላርፍ አለ።

አክስቴ ባሪ ጣቢያ ላይ የጠበቀችን ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ትልቅ የገለባ ኮፍያ አድርጋ ነበር። ሁለቱ እህቶች ሲተቃቀፉ እንደዚያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳቁ ካሰብኩት በላይ ቆየ፤ ሰው እየዞረ አየን። እናቴ ዋጋው የተንጠለጠለበትን ክንዷን ከአካሏ አጣብቃ ሳቀች።

ቤቷ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ለሁለት ሰው የሚጠብብ መንገድ ላይ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ሊጥ በአውራ ጣታቸው እየደፈጠጡ ትንንሽ ጆሮ የሚመስል ፓስታ ይሠራሉ። መንገዱን እስከ ጫፍ ከሄዱ ባሕር ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ኦክቶፐሱን እየያዙ ከድንጋይ ጋር ያላትሙታል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሥጋው እንዲለሰልስ ነው አለችኝ አክስቴ። ያ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ይገባል። እኔም ሌላውን ድምፅ፣ የልቧን ማለቴ ነው፣ ለመስማት እሞክር ነበር። ስትተኛ ሄጄ ጆሮዬን ወደ ደረቷ አስጠጋለሁ። ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ እገፋታለሁ። የውኃ ጠርሙስ ከእጄ አይጠፋም፤ ሰው ሊሞት ሲል ውኃ ከጠጣ እንደሚተርፍ በየት በኩል እንዳመንኩ አላውቅም።

እናቴ «የአክስትሽን ስልክ አንቺ ያዢልኝ፣ ጌም ተጫወቺበት» አለችኝ። ማንም ደውሎ ድንገት እንዳይነግራት ነው፤ ይህን ሳትነግረኝም ገብቶኛል። አክስቴ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ጥግ ይዛኝ «እናትሽ ትረፍ እስቲ፣ ስልኳን አንቺ ተቀበያት» አለችኝ። ተቀበልኳት። በግራ ኪሴ አንድ፣ በቀኝ ኪሴ አንድ ስልክ ይዤ ሰመሩን ሙሉ አጭር ሱሪዬ እየወረደ ስጎትት ከረምኩ። አክስቴ ለእናቴ ያሰበች መሰለኝ እንጂ ሌላ ነገር በአእምሮዬ አልመጣም። ግድግዳዋ ላይ ደግሞ ምስማር ብቻ የቀረበት፣ ቀለሙ ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቦታ ነበር። እማማ ያለችበት ፎቶ እዚያ እንደነበር እናቴ ታውቃለች። ለምን ወረደ ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ፎቶ ፊት ዕራት አለመብላቷ ራሱ እፎይ ያሰኛት ይመስለኛል።

አክስቴ በየማለዳው ብቻዋን ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። አንድ ቀን ተከትያት ወጣሁ። ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ብቅ ስትል እሷ እስከ አንገቷ ገብታ፣ ጀርባዋን ለከተማው ሰጥታ ቆማለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በረዳት ብዬ ፎጣዋን ይዤ ጠበቅኳት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ አብጧል። «የባሕር ጨው እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። ጨው ለልብ ጥሩ ይሁን አይሁን ሳስብ ቤት ደረስን።

እናቴ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበር የምትጎዳው። የታጠበ ሳህን ታጥባለች፣ የተነጠፈ አልጋ ታነጥፋለች። አሸዋ ላይ ሁላችንም ተኝተን ድንገት ብድግ ትልና «እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» ትላለች። አክስቴ ቀና ትላለች። እኔ የውኃ ጠርሙሴን እከፍታለሁ። እናቴ «ጀርባሽ ተቃጥሏል፣ ቅባት ልቀባሽ» ትልና ትቀመጣለች። አንዳንዴ አክስቴ ራሷ ትጀምራለች፤ «ገኒ፣ ስሚማ» ትላለች፣ ከዚያ አይስክሬም እንብላ ብላ ትጨርሰዋለች። ስንት አይስክሬም እንደበላሁ እግዜር ይወቀው። ሁለቱም እንደዚያ ሲሆኑ እኔ ላብድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ እንዲነገርና እንዲያልፍ እፈልጋለሁ፤ ደግሞ ከተነገረ አክስቴ አትተርፍም።

ከሁሉ የባሰው ጫማው ነበር። አንድ ጠዋት ገበያ ወጥተን አክስቴ የቤት ጫማ የሚሸጥበት ድንኳን ፊት ቆመች። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ውስጡ ፀጉር ያለው ጫማ አነሳችና «ይህ ለእማዬ አይሆናትም?» አለች። እናቴ ጫማውን ተቀብላ አገላበጠችው። «ይሆናታል፣ ለብርዱ ጥሩ ነው» አለች። አክስቴ ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው አለች። እናቴ የለም፣ እግሯ ስለሚያብጥ ሠላሳ ስምንት ይሁን አለች። ተከራከሩ። ሻጩ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያወጣል። በመጨረሻ ሠላሳ ስምንቱን ገዙ፤ አክስቴ ከፈለች፣ እናቴ ተሸከመች። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ለሞተ ሰው ጫማ ሲገዛ ማየቴን ለማን ልንገር እያልኩ፣ ኪሴ ውስጥ ያሉትን ሁለት ስልኮች አንቄ ይዤ ሄድኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብቻዋን እንደማትችለው ያመነች ይመስለኛል። መርዶ ሰው ይፈልጋል። ማለዳ የሚመጣ፣ የሚይዝ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው። ባሪ ውስጥ ደግሞ ሐበሻ ጥቂት ነው፤ እሑድ እሑድ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አትክልት ቦታ ተሰብስበው ይውላሉ። አክስቴ ወሰደችን። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ አበበች የሚባሉ፣ ጣሊያን አገር ያረጁ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ነበሩ። እናቴ አክስቴ አይስክሬም ልታመጣልኝ ስትሄድ ጠብቃ እሳቸውን ከዘንባባው ሥር ወሰደቻቸው። እኔም ኳሴን ተከትዬ መስዬ ተጠጋሁ። እናቷ ማረፏን፣ ለእህቷም መንገር እንዳቃታት ነግራ፣ ሴቶቹን ይዘው አንድ ማለዳ እንዲመጡላት ለመነቻቸው። እትዬ አበበች ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያ ማዶ አይስክሬም ይዛ የምትመጣውን አክስቴን አዩና ዘጉት። «እሺ ልጄ፣ ሐሙስ እንመጣለን» ብቻ አሉ።

እንግዲህ አክስቴ ሐሙስ ልትሞት ነው። ይህን ማወቅ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ሰኞና ማክሰኞ ባቡር ተሳፍረን ሌላ ከተማ እንሂድ ብዬ አለቀስኩባት። ረቡዕ አሞኛል ብዬ ተኛሁ፣ ግን አንድ ቦታ መተኛት ስለማልችል ቶሎ ተነቃብኝ። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነስቼ የበሩን ቁልፍ ከተሰቀለበት አወረድኩና የዳቦ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት። በር ካልተከፈተ መርዶ አይገባም ብዬ ነው።

በሩ ሲንኳኳ ሁለቱም እህቶች ከየመኝታቸው በአንድ ጊዜ ወጡ። ጨርሶ የተኙ አይመስሉም። እናቴ ያንን የቀበረችውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። አክስቴም ጥቁር ለብሳለች። እንዴት እንዳልተያዩ ዛሬም ይገርመኛል፤ ሁለቱም ቁልፍ ቁልፍ እያሉ ጠረጴዛ ሥር፣ አልጋ ሥር ይርመጠመጣሉ። እናቴ አክስቴን አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ እከፍታለሁ ትላታለች፤ አክስቴም እናቴን አንቺ ቁጭ በይ ትላታለች። ውጭ የቆሙት እትዬ አበበች ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ትዝ አለኝና አሳዘኑኝ። ቁልፉን ከዳቦው ውስጥ አውጥቼ ሰጠሁ። ዱቄት የነካው ቁልፍ ለምን ከዚያ እንደወጣ ማንም አልጠየቀኝም።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ያቺ ጠባብ ክፍል ሞላች፤ ከፊሎቹ አልጋው ላይ፣ ከፊሎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። እናቴ አክስቴን ከጀርባዋ በሁለት እጇ አቀፈቻት። አክስቴ ዞረችና የእናቴን ሁለት ክንድ ጨምድዳ ያዘች። አንዷ ሌላዋን እንዳትወድቅባት ይዛ፣ ሁለቱም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ። ሁለቱም እትዬ አበበችን ያያሉ። እኔ በብርጭቆ ውኃ ሞልቼ ከአክስቴ ጎን ቆሜያለሁ።

እትዬ አበበች ጉልበታቸውን አሹ፣ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ።

«ገነት እሑድ ዕለት ለእህቴ ንገሩልኝ ብላኛለች» አሉ። «ጽጌ ደግሞ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት፣ እህቴ ስትመጣ መጥታችሁ ንገሩልኝ ብላኛለች፤ ለሷም ሐሙስ እንመጣለን ብያታለሁ። ይህ በዛፍ ሥር የሚነገር ነገር ስላልሆነ ዝም ብዬ መጣሁ። እንግዲህ ለማናችሁ ነው የምነግረው?»

የኦክቶፐሱ ጧ ጧ ብቻ በመስኮት ይሰማል። አክስቴ ያኔ ነው የእናቴን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች ያየችው።

«ገኒ፣ ታውቂያለሽ?»

«አንቺስ?»

አክስቴ በሰኔ ነበር የሰማችው፤ ሮም የምትሠራ አንዲት የሰፈር ልጅ የምታውቅ መስሏት «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። እናቴ በስልክ ስትስቅ ስትሰማት አልተነገራትም ብላ አመነች። ባሕር እንይ ብላ የጠራችን እናቴን በእጇ ይዛ ልትነግራት ነበር። ሁለቱም ይህን ሲረዱ መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው፤ «ሠላሳ ስምንት!» አለች እናቴ፣ አክስቴም አፏን በነጠላ ያዘች። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። አክስቴ «እማዬ» ስትል፣ ያ ክላርክስተን የሰማሁት ድምፅ ከሁለት ሰው አንድ ላይ ወጣ። ሴቶቹም ተቀበሏቸው። የየራሳቸውን፣ ከሩቅ የሰሙትን፣ ሰው ሳይዛቸው በሰው አገር ወጥ ቤት ቆመው የሰሙትን ሞት ሁሉ ጨምረው ያለቀሱ መሰለኝ። አክስቴ ፎቶውን ከፍራሹ ሥር አወጣች፤ እንደገናም አለቀሱ።

እኔ ውኃዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ረጅም ጊዜ ሆነ። አክስቴ ፊቷን ጠርጋ ዞር ስትል አየችኝ።

«አሁን ትሞቻለሽ?» አልኳት።

«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

ክላርክስተን የሰማሁትን፣ የልቧን ነገር፣ አትተርፍም የተባለውን ነገርኳት። እናቴን አየቻት። እናቴ መሬት መሬት አየች። አክስቴ «ገኒ፣ ለዚህች ልጅ መርዶዋን ማን ነገራት?» አለች።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እንጃ» አለች። «ያን ቀን ጎረቤት ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ያወቀች መሰለኝ።»

እትዬ አበበች ተነስተው የነበሩትን ሴቶች ተቀመጡ አሏቸው። ገና አሁን እንደገባ ሰው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተራ በተራ ተቀመጡ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ሁለት ክንዴን ያዘች። አክስቴ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ተንበረከከች።

«ሳርዬ» አለች፤ «አያትሽ እማማ ሞታለች። በጣም ትወድሽ ነበር። አሁን አልቅሺ፣ ሁላችንም ይዘንሻል።»

ሰመሩን ሙሉ የማውቀውን ነገር ገና ያን ጊዜ ሰማሁት። እግሬ ከዳኝ፤ እነሱም እንዳሉት ያዙኝ።